አባቴ የሚነፋ ማስክ ተደርጎለታል፤ ቱቦ ካሉን እንቢ እንበል ወይ?

የአጋሮዋ ጠየቀች፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፍላችሁ ጅማ፣ አባቴ የተኛበት ክፍል በር ላይ ቁጭ ብዬ ነው። ሐሳቤ ቢዘበራረቅ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለኝም።

አባዬ 63 ዓመቱ ነው። አጋሮ አካባቢ ቡና ያመርታል። ታሞ ሲተኛ አይተነው አናውቅም። መጀመሪያ ሳል ነበር። ቀጥሎ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት መጣ፤ ከዚያ «ቀኝ ጎኔን ይወጋኛል» አለ። ጤና ጣቢያ ኪኒን ሰጥተውት ነበር፤ ለውጥ አልታየበትም። አንድ ማታ ሁለት ቃል አያይዞ መናገር ሲያቅተው መኪና ኮንትራት ይዘን ወደ ጅማ ከነፍን። ድንገተኛ ክፍል ጣቱ ላይ የሚደረገው፣ የደሙን ኦክስጅን በመቶኛ የሚያሳየው መለኪያ 78 አለ። ራጅ ተነሳ። «ከባድ የሳንባ ምች ነው፣ ሁለቱንም ሳንባ ይዟል» አሉን።

በመጀመሪያ በአፍንጫው ቀጭን ቱቦ ኦክስጅን ሰጡት። አልበቃውም። ከረጢት ያለው ማስክ አደረጉለት። ቁጥሩ 88 ደረሰ፤ ትንፋሹ ግን አልረገበም። ነርሷ ስትቆጥር በደቂቃ 38 ነበር። ትናንት ማታ ደግሞ ፊቱ ላይ ጥብቅ ተደርጎ የሚታሰር ማስክ አምጥተው ከማሽን ጋር አገናኙት። «ሲፓፕ» ይባላል አሉን። በኃይል ይነፋል። አባዬ አልወደደውም፤ «አፈነኝ፣ አውልቁልኝ» እያለ በእጁ ይጎትተዋል። አክስቴ ታለቅሳለች። «ትንፋሽ ያጠረውን ሰው አፉን ይዘጉበታል እንዴ?» ትላለች።

አጎቶቼ ከአጋሮ መጥተዋል። «ኦክስጅን ላይ የወጣ ሰው አይተርፍም፤ እዚህ ከሚያልፍ ቤቱ እንውሰደው» ነው የሚሉት። ዛሬ ጠዋት ሐኪሙ ጠራኝ። በዚህ ማሽን ካልተሻለው በጉሮሮው ቱቦ አስገብተው ትልቁ መተንፈሻ ማሽን ላይ እንደሚያደርጉት ነገረኝ። ቤተሰቡ ከወዲሁ እንዲነጋገርበት፣ ፊርማም እንደሚያስፈልግ አስረዳኝ። የመጀመሪያ ልጅ እኔ ነኝ። ሁሉም ዓይኑን እኔ ላይ ነው ያደረገው።

ይህ የሚነፋው ማስክ ምንድን ነው የሚሠራው? ለምን በቀጥታ ትልቁ ማሽን ላይ አላደረጉትም? አልጋ ስለሌለ ነው ወይስ አውቀው ነው? ምግብ አልቀመሰም፤ አጥሚት ብንሰጠው ችግር አለው? ቱቦውንስ እንቢ እንበል? ይህን ያለፈ ሰው ካለ ወይም ሙያው ያለው ካለ፣ በአላህ፣ መልሱልኝ።

የፈረንጅ አራዳ ልጅ መለሰ፦

አላህ ያሽርልሽ እህቴ። እናቴ በዚሁ ነገር አልፋለች። እኛም ቤት ያው ወሬ ነበር፤ ጎረቤት ሁሉ ኦክስጅን ሲባል ለቅሶ የተጠራ ይመስል ፊቱን ይለውጣል። እናቴ ዛሬ ቤቷ ነች።

አንድ የረዳንን ነገር ልንገርሽ። ማስኩ ሲያስጨንቃት ብቻዋን አልተውናትም። እኔና እህቴ እየተቀያየርን እጇን ይዘን «ወደ ውስጥ፣ ወደ ውጭ» እያልን አብረናት እንተነፍስ ነበር። መጀመሪያ ላይ ትታገላለች። እየቆየ ከማሽኑ ጋር መሄድ ለመደች። የሚያለቅስ ዘመድ አጠገቧ እንዲቆም አንፈቅድም ነበር። አክስትሽን በቁጣ ሳይሆን በፍቅር ውጭ አስቀምጪያት። በሽተኛው ፊታችሁን ነው የሚያነበው።

የማሽኑን ነገር እኔ አላውቅም። የሚያውቅ ይመልስልሽ።

ሲስተር መለሰች፦

አይዞሽ እህቴ። እዚሁ ጅማ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። አባትሽን አላየኋቸውም፤ ስለዚህ የሚያክሟቸውን ሐኪሞች ተክቼ አልናገርም። የጠየቅሽው ግን አስታማሚዎች በየተራዬ የሚጠይቁኝ ነው። ሌሊት በር ላይ እየተጣደፍኩ ከምመልሰው እዚህ ረጋ ብዬ ልጻፈው።

ከሁሉ በፊት፣ ወደ ቤት አትውሰዷቸው። ያለ ኦክስጅን 78 የነበረ ሰው የአጋሮን 45 ኪሎ ሜትር መንገድ እንኳ ላይዘልቀው ይችላል። አጎቶችሽ የሚሉት ከክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ኦክስጅን ላይ ወጥተው ያልተመለሱ ሰዎች አይተዋል። ግን ኦክስጅኑ አይደለም የገደላቸው። ለረጅም ጊዜ በየቦታው ኦክስጅን ብርቅ ነበር፤ የሚሰጠውም ነገሩ ሲያልቅ ነበር። ሰዉም ሆስፒታል የሚመጣው መሽቶበት ነው። ስለዚህ ኦክስጅንና ሞት በሰው ዓይን ተጣበቁ። «ይለመዳል፣ ከዚያ ያለሱ መኖር አይቻልም» የሚሉሽም ይኖራሉ። አይለመድም። ሳንባው ሲጠራ እየቀነስን እናቆመዋለን።

አሁን ወደ ማሽኑ። ሳንባ ጫፉ ላይ እጅግ ብዙ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች አሉት። ኦክስጅን ወደ ደም የሚገባው እዚያ ነው። በሳንባ ምች ጊዜ ብዙዎቹ በመግልና በፈሳሽ ይሞላሉ፤ ሌሎቹ ይከደናሉ። ደም በአጠገባቸው ያልፋል፣ ግን ኦክስጅን ሳይዝ ይመለሳል። በአፍንጫ ቱቦ እስከ 5 ሊትር ገደማ እንሰጣለን። በተራ ማስክ ከ6 እስከ 10፣ ከረጢት ባለው ማስክ ደግሞ ከ10 እስከ 15 ሊትር በደቂቃ። አባትሽ ይህን ሁሉ ደረጃ ወጥተው 88 ላይ ቆሙ። ምክንያቱም አየሩ የተከደነው ክፍል ውስጥ አይገባም። ኦክስጅን ብቻውን መጨመር ከዚህ በላይ አይወስድም።

ፊኛ ነፍተሽ ታውቂያለሽ? የመጀመሪያው ትንፋሽ ነው የሚከብደው። አንዴ ትንሽ ከተከፈተ በኋላ ይቀላል። ሲፓፕ የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ሰውየው ሲያስወጣም ሲያስገባም የማይቋረጥ ግፊት ይሰጣል፤ ከረጢቶቹ ጨርሰው እንዳይከደኑ። አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ውሃ በሚባል የግፊት ልክ ነው የምንጀምረው። ባይፓፕ የሚባለው ደግሞ ሁለት ግፊት አለው። አየር ሲያስገቡ ከፍ ይላል፣ ሲያስወጡ ዝቅ ይላል፤ የደከመ ጡንቻን ያግዛል። ሦስተኛው ሃይ ፍሎ ነው። ሞቆ የረጠበ አየርና ኦክስጅን እስከ 60 ሊትር በደቂቃ በአፍንጫ ይልካል፤ ፊትን አያስርም። የትኛው እንደሚደረግ በበሽታው ብቻ ሳይሆን ክፍሉ ውስጥ ባለው ዕቃም ይወሰናል። ይህን አልደብቅሽም።

ማሽኑ በሽታውን አያድንም። በሽታውን የሚያጠፋው አንቲባዮቲኩ ነው፤ እሱ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። በደቂቃ 38 ጊዜ የሚተነፍስ ሰው ቀኑን ሙሉ እንደሚሮጥ ነው የሚደክመው፤ መድኃኒቱ ሳይሠራ ጉልበቱ ሊያልቅ ይችላል። ማስኩ ለእሳቸው ፋታ ነው። ለእናንተም ፋታ ነው፤ ወደዚህ እመለስበታለሁ።

«ለምን በቀጥታ ትልቁ ማሽን ላይ አላደረጉትም?» ላልሽው፣ አልጋ ጠፍቶ ብቻ አይመስለኝም። ቱቦ የሚገባለት ሰው በመድኃኒት እንዲተኛ ይደረጋል። መናገር አይችልም። ጡንቻው ይሟሽሻል። ቱቦው ራሱ ለሌላ የሳንባ ኢንፌክሽን በር ይከፍታል። በማስክ መዳን የሚችል ሰው ከዚህ ሁሉ ቢተርፍ ይሻላል። በሌላ በኩል ማስክ ለሁሉም አይሠራም። ንቃቱ የወረደ ሰው፣ ደጋግሞ የሚያስመልሰው፣ የደም ግፊቱ የወደቀ፣ አክታውን ማውጣት ያቃተው ሰው ላይ አደገኛ ነው።

ጥናቱስ ምን ይላል? እውነቱን ልንገርሽ፣ ለሳንባ ምች ጉዳዩ ገና ያከራክራል። የቆየ የሳንባ በሽታ ብሶበት ለመጣ ሰውና በልብ ድካም ሳንባው ውሃ ለቋጠረ ሰው የማስክ ግፊት ጥቅሙ ጠንካራ ማስረጃ አለው። ለሳንባ ምች ግን እ.ኤ.አ. በ2017 የአውሮፓና የአሜሪካ የመተንፈሻ ሕክምና ማኅበራት መመሪያ ሲያወጡ «አድርጉም አታድርጉም» ማለት አልቻሉም። እ.ኤ.አ. በ2015 በፈረንሳይና በቤልጂየም 310 ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት አለ። ከተራ ኦክስጅንና ከማስክ ማሽን ይልቅ ሃይ ፍሎ የተደረገላቸው ሰዎች በ90 ቀን ውስጥ የሞቱት ያነሱ ነበሩ። በኮቪድ ጊዜ በእንግሊዝ የተሠራው ትልቅ ጥናት ደግሞ ለሲፓፕ አደላ፤ ቱቦ የሚያስፈልጋቸው ወይም የሚሞቱት ከ100 ሰው 44 ገደማ የነበረው ወደ 36 ወረደ። ያኔ ግን በሽታው የኮቪድ ሳንባ ምች ነበር። ከዚህ ሁሉ እኔ የምይዘው ማሽኑ ለብዙ ሰው እንደሚጠቅም ነው፤ የማይጠቅመው ሰው ግን ቶሎ መለየት አለበት። ማስኩ ሳይሠራ ብዙ ሰዓት ከቆየና ቱቦው ከዘገየ ጉዳቱ ይከፋል። በሥራዬ የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። ቤተሰብ «እስቲ እስከ ነገ እንጠብቅ» ሲል ሌሊቱ ሳይነጋ የሚያመልጠን ሰው አለ።

ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ሰዓታት ትልቅ ነገር ይናገራሉ። ሞኒተሩ ላይ ያለውን ኦክስጅን ብቻ አትዪ። ትንፋሹን ቁጠሪ፤ በስልክሽ ሰዓት ሙሉ አንድ ደቂቃ። ከ38 ወደ 30 እየወረደ ነው? አንገታቸው ላይ ያለው ጡንቻ መወጠሩን ተወ? ረዘም ያለ ቃል መናገር ቻሉ? ይህ ደግ ምልክት ነው። ትንፋሹ ከ35 አልወርድ ካለ፣ ላብ ካጠመቃቸው፣ ከተቅበዘበዙ ወይም በተቃራኒው ዝም ብለው መፍዘዝ ከጀመሩ፣ ካስመለሳቸው፣ ሰዓት ሳትቆጥሪ ነርስ ጥሪ። በተለይ መፍዘዙን። አስታማሚዎች «ተመስገን፣ ተኛ» ይላሉ። እንቅልፍ ላይሆን ይችላል።

የጣቷ መለኪያም ትዋሻለች አንዳንዴ። ጣት ከቀዘቀዘ፣ ጥፍር ከተቀባ፣ ቁጥሩ ይበላሻል። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ደግሞ እውነተኛው ዝቅ ብሎ እያለ ከፍ አድርጋ ልታነብ እንደምትችል እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ በወጣ ጥናት ታይቷል። ስለዚህ 92 ስትል ደስ ይበልሽ፣ ግን ሰውየውንም እዪ።

«አፈነኝ» ማለታቸው እውነት ነው፤ ስሜቱ እንደዚያ ነው። አየር የጠማው ሰው ፊት ላይ አየር ሲነፋበት መጀመሪያ ያስደነግጣል። ነርሷን ጠይቂያት፤ ማሰሪያው ትንሽ ተፈትቶ ማስኩን በራሳቸው እጅ ፊታቸው ላይ እንዲይዙ፣ ግፊቱም ከዝቅተኛ ተጀምሮ ቀስ እያለ እንዲጨመር። ራሳቸው ሲይዙት ይረጋጋሉ። ማሰሪያው ከጉንጫቸው ጋር ሁለት ጣት ካላስገባ በጣም ጠብቋል። የአፍንጫ አጥንታቸው ላይ ቆዳው እንዳይላጥ በየጊዜው እዩት፤ ቀይ ሆኖ ከቀረ ሳይቆስል ተናገሪ። ወደ ዓይናቸው የሚነፋ ከሆነም ማስኩ ይስተካከል።

አጥሚት በራሳችሁ አትስጡ። ማስኩ እየነፋ የገባ ምግብ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። ሆዳቸውም አየር ስለሚገባበት ይነፋል፣ ያስመልሳል። ዘምዘም ይሁን ጸበል ግንባራቸውን አብሱበት፣ ወደ አፋቸው ግን አታፍስሱ። ከንፈር ሲደርቅ በረጠበ ጋዝ ይታበስ። ቫዝሊንና ቅቤ ፊታቸው ላይ አትቀቡ። ኦክስጅን ባለበት ቅባት ለእሳት አደጋ ነው። እጣን፣ ሻማ፣ ሲጋራ በዚያ ክፍል አይታሰብም። አልጋው ከራስጌ ከፍ ይበል። በሆዳቸው ወይም በጎናቸው እንዲተኙ ካሏችሁ አግዟቸው፤ በኮቪድ ጊዜ ነቅተው በሆዳቸው የተኙ ሰዎች ቱቦ የማስፈለጉ ነገር ቀንሶ ታይቷል። የኦክስጅኑን ቁልፍ ደግሞ ማንም ዘመድ እንዳይነካ። ጨምሬ ልርዳው ብሎ የሚያበላሽ አለ።

ስለ ፊርማው አንድ ነገር ብቻ። አባትሽ አሁን መናገር ይችላሉ። ቱቦ ከገባ በኋላ አይችሉም። ፋታ ያልኩሽ ይህንንም ነው። ማስኩ ለአፍታ ሲነሳ፣ ሐኪሙ ባለበት፣ ራሳቸውን ጠይቋቸው። ቀድማችሁ «እንቢ» ብላችሁ በር አትዝጉ።

የሊሙ ሰው መለሰ፦

ሲስተር የጻፈችውን በአክብሮት አነበብኩ። ግን እኔ ያየሁት ሌላ ነው። ታናሽ ወንድሜ ሳንባ ምች ይዞት ቱቦ ገባለት። አልተነሳም። የት ሆስፒታል እንደሆነ አልናገርም። የመጨረሻ ድምፁን ሳንሰማ ነው የሄደው። በዚያ ላይ ለመድኃኒት ከውጭ ግዙ እየተባልን ከብት ሸጠናል። ዛሬ ቢጠይቁኝ አልፈርምም። የአጋሮዋ እህቴ፣ ሰው ሁሉ ፈርሚ ሲልሽ ሌላውንም ወገን ስሚ።

ሲስተር መለሰች፦

ወንድሜ፣ አላህ ነፍሱን ይማር። ለእናንተም ጽናቱን ይስጥ። ሐዘንህን አልከራከርም።

ያልከው ውስጥ ትልቅ እውነት አለ። ቱቦ ደረጃ ከደረሱት ሰዎች ብዙዎቹ አይመለሱም፤ እኛ ክፍልም ይህንን በዓይኔ አያለሁ። ቱቦ የሚገባለት ሰው ከሁሉ በላይ የታመመው ነውና። ወጪውም ቤት ያፈርሳል። ማንም ነርስ ወይም ሐኪም «ፈርሙ፣ ይድናል» ብሎ ቃል መግባት የለበትም። የገባላችሁ ካለ በደላችሁ።

እኔ የምለው መልሱ አስቀድሞ «አዎ» ይሁን አይደለም። ጥያቄው በጊዜ ይጠየቅ ነው። እህቴ፣ ሐኪሙን እነዚህን ጠይቂው፦ ሌላ የቆየ በሽታ አግኝታችሁባቸዋል ወይ? ልባቸው፣ ኩላሊታቸው፣ ስኳራቸው እንዴት ነው? ቱቦ ቢገባ ባዶ ቬንቲሌተር፣ ማለትም ትልቁ መተንፈሻ ማሽን፣ አሁን አለ? ምን ያህል ተስፋ ታያለህ? አንድ ሰው 63 ዓመቱ ሆኖ እስከዚያች ሳምንት ቡናውን ሲለቅም የነበረ ከሆነና ያመመው ሳንባው ብቻ ከሆነ፣ ለእኔ ቱቦው ሊሞከር የሚገባው ነው። ብዙ አካሉ አብሮ የደከመ ከሆነ ደግሞ ሐኪሙ ራሱ ሌላ ምክር ሊሰጣችሁ ይችላል። ያኔም ኦክስጅንና ማስታገሻ አይቋረጥባቸውም። የወንድምህን ድምፅ አለመስማታችሁ ግን ልቤን ነካኝ። ለዚህ ነው አሁን፣ በማስክ እያሉ አነጋግሯቸው የምለው።

የማሽን ጠጋኙ መለሰ፦

የሕክምና መሣሪያ ባለሙያ ነኝ። «ለምን ይህኛው ማሽን ሆነ» ለሚለው ከኔ ወገን ያለውን ልጨምር፤ ብዙ ሰው ኦክስጅን ከየት እንደሚመጣ አያስብም።

ትልቁ ሲሊንደር ብዙ ጊዜ 40 ሊትር የሚይዝ ብረት ነው። እስከ 150 ባር ግፊት ሲሞላ 6,000 ሊትር ገደማ ኦክስጅን ይወጣዋል። ከረጢት ባለው ማስክ በደቂቃ 15 ሊትር የሚወስድ ሰው በ6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይጨርሰዋል። ሃይ ፍሎ ንጹሕ ኦክስጅን በ60 ሊትር ቢሰጥ ደግሞ 100 ደቂቃ ብቻ። አስቡት፤ በአንድ ሌሊት ለአንድ ሰው ስንት ሲሊንደር ሊገፋ ነው? የግድግዳ መስመር ያለው ክፍል ይሻላል፣ እሱም ከኋላው ያለው ምንጭ ካልደከመ። ኮንሰንትሬተር የምትባለዋ፣ ኦክስጅንን ከአየር የምትለየው ሣጥን ደግሞ 5 ወይም 10 ሊትር ነው የምትሰጠው፤ መብራት ሲሄድ ትቆማለች። ስለዚህ ሐኪም ሲፓፕ መርጦ ከሆነ፣ ያለውን ኦክስጅን ሌሊቱን ሙሉ ለማድረስም አስቦ ሊሆን ይችላል። ንፍገት አይደለም።

ለአስታማሚ የሚጠቅም ነገር፦ ሲሊንደር ከሆነ፣ አናቱ ላይ ያለችውን ጌጅ፣ የቀረውን የምታሳየውን መለኪያ፣ እዩአት። ወደ ቀዩ ስትጠጋ ቀድማችሁ ተናገሩ፤ ዜሮ እስክትል አትጠብቁ። ተለዋጩን የሚያመጣው ሰው ሌሊት ማን እንደሆነና የት እንደሚገኝ በቀን ጠይቁ። ከረጢት ያለው ማስክ ላይ ደግሞ ከረጢቱ ሲተነፍሱ ጨርሶ መጣበቅ የለበትም፤ ከተጣበቀ ኦክስጅኑ አንሷል። ሲፓፕ «ፉፉ» የሚል ድምፅ በድንገት ከጨመረ ማስኩ ተንሸራቷል ማለት ነው።

በሙያዬ የሚያሳዝነኝን ልተንፍስ። አንድ ቦታ ስሠራ ጥሩ ባይፓፕ ማሽን ካርቶን ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁ። የጎደለው የማስኩ መገጣጠሚያና ቱቦው ነበር። ማሽን ሲገዛ ወይም ሲለገስ አብሮ የሚያልቀውን ዕቃ የሚያስብ ሰው ያስፈልጋል። በየጊዜው የሚለወጠው ማስክ፣ ፊልተርና ቱቦ ከሌለ ማሽኑ ለማንም ትንፋሽ አይሆንም።

የአጋሮዋ መለሰች፦

አላህ ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። የሊሙ ወንድሜ፣ ስለ ወንድምህ አዝኛለሁ፤ የጻፍከውን ለአጎቶቼ አነበብኩላቸው። የሲስተርንም አነበብኩላቸው።

ዛሬ ትንፋሹን ራሴ ቆጠርኩ፤ 29 ነው። መለኪያዋ 93 ትላለች። ማስኩን መጀመሪያ በእጁ እንዲይዝ አደረግን፤ ነርሷ ግፊቱን ዝቅ አድርጋ ጀመረችለት። አሁን አይጎትተውም። አክስቴ ውጭ ሆና ዱዓ ታደርጋለች። ታላቁ አጎቴ «ቤት እንውሰደው» ማለቱን ትቶ የሲሊንደሩን ጌጅ እየጠበቀ ነው።

ሐኪሙ ባለበት አባዬን ጠየቅነው። ማስኩ ሲነሳለት «ሞክሩ፣ ግን የምታስተኙኝ ከሆነ ከዚያ በፊት ልጆቼን ጥሩልኝ» አለ። እኔ ፈርሜያለሁ። እስካሁን አላስፈለገም። ሐኪሙ አንድ ቁጥር ሲያሰላ ሰማሁ፤ ምን እንደሆነ አልገባኝም፣ «5 አልፏል፣ ጥሩ ነው» አለ። ምንድን ነው? ደግሞስ ረሃቡ መጥቷል፤ ምግብ መቼ ነው?

ሲስተር መለሰች፦

እልል ብያለሁ እዚህ! ገና ነው፣ ግን መንገዱ ቀና።

ቁጥሩ እንዲህ ነው። የኦክስጅን ንባቡን ለሚሰጣቸው የኦክስጅን ድርሻ ታካፍያለሽ፤ የወጣውን ለትንፋሹ ቁጥር ታካፍያለሽ። ለምሳሌ 93 አንብቦ፣ ኦክስጅኑ 60 በመቶ ከሆነና ትንፋሹ 29 ከሆነ፦ 93 ለ0.6 ሲካፈል 155፤ 155 ለ29 ሲካፈል 5.3 ገደማ። የተሠራው በሃይ ፍሎ ላይ ላሉ የሳንባ ምች በሽተኞች ነው። በ2ኛው፣ በ6ኛውና በ12ኛው ሰዓት 4.88 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ቱቦ የማስፈለጉ ዕድል ዝቅ ይላል። ሲፓፕ ላይም አንዳንድ ሐኪሞች እንደ ምልክት ያዩታል። ዋናው አንድ ጊዜ የወጣው ቁጥር ሳይሆን ከሰዓት ሰዓት ወዴት እንደሚሄድ ነው።

ምግቡ፣ እሳቸው ንቁ ከሆኑና ትንፋሹ በዚሁ ከረገበ፣ ነርሷ ማስኩን አንስታ በአፍንጫ ቱቦ ኦክስጅን እየሰጠች ትንሽ ጊዜ ልትፈቅድ ትችላለች። ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ በትንሽ ማንኪያ፣ ሳይቸኩሉ። ካሳላቸው ወይም ቁጥሩ ከወረደ ወዲያው ይቁም። ቀጭን አጥሚት ከወፍራሙ አይሻልም፤ ቀጭን ፈሳሽ በቶሎ ወደ ተሳሳተ መንገድ ይገባል። ስለዚህ እሷ የምትለውን ስሚ።

የአክታ ምርመራው ተልኮ እንደሆነም ጠይቂ። ለቲቢ ጭምር። ብዙ ቤተሰብ ቲቢ የሚለውን ቃል ሲሰማ ይደነግጣል። አንቲባዮቲኩ ሳይዘገይ ትክክለኛው እንዲሆን ነው የሚመረመረው።

ዛሬ ሌሊት ደግሞ ተራ ግቡ። አጎትሽ እስከ እኩለ ሌሊት፣ ከዚያ ሌላ ሰው። የሚጠብቀው ሰው ትንፋሽ መቁጠር ይወቅ፤ ከመተኛትሽ በፊት አንቺ አሳዪው።